በጥቁሩ ፉርጎ ላይ የታየው ነጭ ጭጋግ

የምሠራው ለደንበኞች የሞዴል ባቡሮችን ገጣጥሞ፣ ቀለም ቀብቶና ጽሑፍ ለጥፎ በሚያስረክብ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። በአንድ ወቅት የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ፉርጎዎች ትእዛዝ መጣልን፤ መጠናቸው ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያነሰ፣ ቀለማቸው ማት (የማያብለጨልጭ) ጥቁር፣ ጽሑፋቸው ደግሞ ነጭ ነበር። የርክክቡ ቀን ስለተቃረበ ኃላፊያችን ከጽሑፉ በፊት የሚቀባው አንጸባራቂ ቫርኒሽ እንዲቀር ወሰነ። “በመጨረሻ ሁሉንም በማት ቫርኒሽ የምንሸፍነው ከሆነ ለምን ሁለት ጊዜ እንለፋለን?” የሚለው ክርክሩ ሲሰሙት አሳማኝ ነበር።

ዲካል የምንለው ተለጣፊ ጽሑፍ በስስ ግልጽ ፊልም ላይ ታትሞ፣ በውሃ በሚሟሟ ሙጫ ከወረቀት ጋር ተያይዞ ይመጣል። የሚፈለገው ፊደል ተቆርጦ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ይነከራል፤ ሙጫው ሲለቅ ወረቀቱ በወረንጦ ተይዞ ፊልሙ በእርጥብ ብሩሽ እየተገፋ ቦታው ላይ ያርፋል። ሥራው የተሰጠው ወጣት ባልደረባዬ እጁ የተባረከ ነው። በፉርጎው ጎን የወረቀት ፕላስተር አግድም ለጥፎ የፊደላቱን ግርጌ በእርሱ ልክ አሰለፈ፤ በዚህ መጠን የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በእውነተኛው ፉርጎ ላይ ከ7 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ባቡር የሚያውቅ ደንበኛ ገና ሳጥኑን ሲከፍት ያየዋል። ማምሻውን፣ ሁሉም ገና እርጥብ ሳለ፣ አንድም እንከን አላገኘንበትም።

በማግስቱ ግን በመብራቱ ሥር ስናየው በየፊደሉ ዙሪያ፣ የፊልሙን ጠርዝ ተከትሎ፣ ብርማ ጭጋግ ተኝቶበታል። “ጋሼ፣ ሙጫው ነው የነጣው፤ በውሃ ልጥረገው?” አለኝ። ሙጫ አልነበረም። ማት ቀለም የማያብለጨልጨው ገጹ ለዓይን በማይለዩ ጉብታዎችና ጎድጓዶች የተሞላ ስለሆነና ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ነው፤ ፊልሙ በጉብታዎቹ አናት ላይ ብቻ ሲያርፍ በጎድጓዶቹ ውስጥ አየር ይታፈናል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ የሚታየውም ይኸው አየር ነው። ማታ ያልታየን ጎድጓዶቹን ውሃ ሞልቷቸው ስለነበር ነው። ኃላፊው አሁንም ማት ቫርኒሹ ይሸፍነዋል ብሎ ስለተከራከረ አንዱን ፉርጎ ለሙከራ ቀባነው፤ አየሩ ያለው ከፊልሙ በታች ስለሆነ ጭጋጉ ከቫርኒሹ ሥር እንዳለ ቀረ።

ጥገናው ከለጠፋው በላይ ጊዜ ፈጀ። ጭጋጉን በቀጭን መርፌ ጫፍ እየወጋን፣ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ በብሩሽ እናስነካው ነበር፤ ፈሳሹ በቀዳዳዎቹ ገብቶ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ፊልሙም ለስልሶ በፉርጎው ጣውላዎች መካከል ወዳሉት ስንጥቆች ይሰምጣል። አስፈሪው ጊዜ ፈሳሹ እንደነካው ፊልሙ የሚጨማደድበት ነው። ወጣቱ የተጨማደደ ፊደል አይቶ ሊያቃናው ብሩሹን ሲሰነዝር እጁን ያዝኩት፤ በዚያች ደቂቃ ፊልሙ እንደ ራሰ ሶፍት ስለሆነ ቢነኩት ይቀደዳል፤ ከተዉት ግን እየደረቀ ሲሄድ ራሱ ይዘረጋል። ደጋግመን አክመናቸውም እምቢ ያሉትን ፊደላት በፕላስተር እየመነጨቅን አነሳን፤ ቦታውን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀብተን፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ከትርፉ ሉህ አዲስ ፊደል ለጠፍንበት። የመጨረሻው ማት ቫርኒሽ ሲደረብ የተጠገነው ካልተጠገነው አልተለየም፤ ትእዛዙ ግን ከቀኑ አልፎ ነበር የወጣው።

አሁን አንጸባራቂው ቫርኒሽ በሥራ ትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የራሱ መስመር አለው፤ የቀባው ሰው ካልፈረመበት ዲካል ከመሳቢያው አይወጣም። ኃላፊው ግን በነጭና በሌሎች ፈዛዛ ቀለማት ላይ ይህ ቫርኒሽ ይቅር ይላል። በፈዛዛ ቀለም ላይ ጭጋጉ ጎልቶ እንደማይታይ እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ፊልሙ በለሰለሰ ገጽ ላይ የበለጠ አጥብቆ ስለሚይዝ ለነጩም እንቀባለን።