የዘላዩ ጉንዳን ቤት፦ ከጄሶው እስከ ንግሥት ሞት

ሃርፔግናቶስ በሕንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ዝርያዎቹ ጥቂት የሆኑ የጉንዳን ወገን ነው። የማረባው ሳልታቶር የሚባለውን ነው። ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ አይቶ ያድናል፣ ይዘላልም። ስለዚህ ሌሎች ጉንዳኖችን የሚያግደው የሚያዳልጥ ቅባት እዚህ አይበቃም፤ የማደኛው ሣጥን በወንፊት መከደን አለበት።

ለቤቱ 2 ስፍር ጄሶ በ1 ስፍር ውሃ በጥብጬ 3 ሴንቲሜትር ያህል አፈሳለሁ፤ ክፍሉን ቀርጬ፣ ሲደርቅ በመስታወት እከድነዋለሁ። ውሃ የማጠጣው በአንድ ጥግ ብቻ ነው። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ እጨምራለሁ፣ ላዩ ላይ ከቆመ እተዋለሁ። ሁሉንም ያራሱት እንደሆነ መስታወቱ ያልበዋል፣ ሻጋታም ይከተላል። ሙቀቱን 25 ዲግሪ አካባቢ እይዛለሁ። ጥቂት ደቃቅ ደረቅ አፈርም አስገባለሁ፤ እጩ፣ ማለት ከእንቁላል የወጣው ትል መሳይ ግልገል፣ ሽፋኑን ሲፈትል ክሩን የሚያስይዝበት ነገር ይፈልጋል።

ምግባቸው በሕይወት ያለ ትንሽ ፌንጣ ነው። የምለቀው ማደኛው ውስጥ እንጂ ጎጆው ውስጥ አይደለም፤ ፌንጣ እጭ ይበላል። ሠራተኛዋ በረጃጅም መንጋጋዋ ይዛ ትነድፈውና ይዛው ትገባለች። ፌንጣው እንደ ሬሳ ዝርግት ይላል፤ ጠጋ ብለው ቢያዩት ግን እግሩ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ደንዝዟል እንጂ አልሞተም፣ እጮቹም ራሳቸው ከላዩ ይመገባሉ። ሞቷል ብሎ በወረንጦ ማውጣት ቀለባቸውን መንጠቅ ነው። የማወጣው የሸተተ ወይም የሻገተ ብቻ ነው።

ንግሥቲቱ ስትሞት ብዙ አርቢ ጎጆው አበቃለት ብሎ ይበትነዋል። ቸኩሏል! ሠራተኞቹ ፊት ለፊት ገጥመው በአንቴና፣ በራሳቸው ላይ ባለው መዳሰሻ፣ ይደባደባሉ፤ አንዷ ገፍታ ስትመጣ ሌላዋ ታፈገፍጋለች፣ ተራው ደግሞ ይገለበጣል። ሳምንታት ይወስዳል፤ አልገላግልም፣ አላናውጥም፣ ምግብ ብቻ አላቋርጥም። ያሸነፉት ጥቂቶች እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ7 ወር ገደማ ወደ 4 ዓመት ገደማ ይረዝማል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንጎላቸው ነው፦ በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ስትነግሥ ያነሰው አንጎል ወደ ሠራተኛነት ስትመለስ እንደገና ያድጋል።

ክንፋም ወንዶችን ግን ከጎጆው አታውጡ። ሠራተኛዋ ከወንድ ጋር የምትገናኘው እዚያው ነው፤ ከወንድ ጋር ያልተገናኘች አሸናፊ የምትጥለው እንቁላል ወንድ ብቻ ይሆናል፣ አዳኝ የሚተካም አይኖርም።