ከማሳ እስከ ሆቴል ማዕድ፦ ደሴት ላይ ገበሬንና ቱሪዝምን ያገናኘሁበት መንገድ

ደሴት ላይ ሆቴልና ማሳ ጎረቤት ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይደረሳል። ግን እንግዳው ምሳ ላይ የሚበላው ሰላጣ ባሕር አቋርጦ፣ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ተጭኖ የመጣ ነው። እዚያው አጠገብ ያለው ገበሬ ደግሞ ቲማቲሙ ገዢ አጥቶ ይበሰብስበታል። ይሄን ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ያማርራል። እኔ የአንዲት ትንሽ ደሴት የገበሬዎች ማኅበር አስተባባሪ ሆኜ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነበር። የደሴቷንም የሆቴሎቹንም ስም አልጠቅስም። ጥቂቶቹን ስለማማ ነው።

ሥራውን ስጀምር የምሰማው ምክር ሁሉ ስለ ጥራት ነበር። «ገበሬው ጥራቱን ካስተካከለ ሆቴሉ ይገዛል» ይሉኛል። ጥራት ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ነገሩ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በሁለት ጥያቄ ነው። ምርቱ መቼ ይደርሳል? ገንዘቡስ መቼ ይከፈላል?

ስለዚህ ስብሰባ አልጠራሁም። ስብሰባ ላይ የአካባቢ ምርት የማይወድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ የለም። ይልቅ በየሆቴሉ ግዥ ክፍል እየሄድኩ የዓመቱን የግዥ ዝርዝር ለመንኩ። ምን ገዛችሁ? በየትኛው ሳምንት? ስንት ኪሎ? አንዳንዱ ምስጢር ነው ብሎ መለሰኝ፣ አንዳንዱ ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ። ያ ዝርዝር ከማንኛውም ጥናት በላይ ጠቅሞኛል። ሆቴሉ በብዛት የሚገዛው እኛ እናመርታለን ብለን የምንኮራበትን ሳይሆን ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ዱባ፣ ሐብሐብና ለጌጥ የሚሆኑ ቅጠላ ቅጠሎችን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሼፉ ይወዳል፣ የሚፈርመው ግን ግዥ ክፍሉ ነው። ብዙ ሰው ሼፉን አሳምኖ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሼፍ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆይም። ውሉ በቃል ከሆነ ሼፉ ሻንጣውን ሲያነሳ ውሉም አብሮት ይሄዳል። እኛ ሁለቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን መጠኑን፣ የማስረከቢያ ቀኑንና የዋጋ ማሻሻያውን በወረቀት አሰፈርን። አንድ ገጽ በቂ ነው። ረጅም ውል ማንም አያነበውም።

ቀጥሎ የመዝሪያ ካላንደር። ሰላጣ ከተዘራ በኋላ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል። ቲማቲም ችግኙ ከተተከለ በኋላ ከ60 እስከ 80 ቀን አካባቢ። ሆቴሉ በሚሞላበት ወር ለማድረስ ከፈለግክ ወደ ኋላ ቆጥረህ መዝራት ነው። ገበሬ ለብቻው ሲሆን ግን ጎረቤቱ የዘራውን ይዘራል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ሳምንት ቲማቲም ያወርዳል፣ በሚቀጥለው ወር ማንም የለውም። እኛ ተራ አወጣን። አንዱ ቤተሰብ ዛሬ ሲዘራ ሌላው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ። ለሆቴሉ ቃል የምንገባው ከምንጠብቀው ምርት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ቀሪው ለዝናብ፣ ለነፋስ፣ ለተባይ መጠባበቂያ ነው። ነፋስና ተባይ ካልመጡ ትርፉ ለገበያ ይወጣል።

ይሄ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ካሪቢያን ውስጥ ኔቪስ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1991 ፎር ሲዝንስ ሆቴል ከተከፈተ በኋላ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው አትክልት አቅርበውለታል። ሌላዋ የካሪቢያን ደሴት ሴንት ሉሲያ ላይ ደግሞ የሆቴሎች ማኅበር ገበሬውንና ገዢውን በዋትሳፕ ያገናኛል። ያለህን ትጽፋለህ፣ የሚፈልግ ያነሳዋል። ይሄን የዋትሳፕ ሐሳብ እኔም ወሰድኩት፣ ግን ለትርፍ ምርት ብቻ። ዋናውን አቅርቦት በዋትሳፕ መምራት ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ምርቱ ወደሚጫንበት ሳጥን እንግባ። ሰላጣ የሚቆረጠው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ፀሐይ ሳትነካው። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፣ ጥላ ሥር ይንጠፈጠፋል፣ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ወደ ዜሮ ዲግሪ ቢጠጋ ደስ ይለዋል። ቲማቲም ግን ተቃራኒ ነው። ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል። በዚያ ላይ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ያ ጋዝ ደግሞ የሰላጣውን ቅጠል ያጠቁረዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ጭኖ ጠቆረ ብሎ ገበሬውን መውቀስ በየቦታው አለ። እኛ ቲማቲሙን ጫፉ ቀላ ማለት ሲጀምር ለቅመን ለብቻው በጥልቀት አነስ ያለ ሳጥን እንልካለን። ተደራርቦ እንዳይጨፈለቅ። መጠኑ ያልደረሰው ለሶስ ይሸጣል። ሼፉ ለሶስ መልክ አይመርጥም።

ሌላው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ጸረ-ተባይ መቼ እንደረጨ ይጽፋል፣ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን ቀን ያከብራል። መጀመሪያ ላይ እንደ ቢሮክራሲ ታይቶ ነበር። አንድ እንግዳ ሆዱን ሲያመው የመጀመሪያው ጣት የሚቀሰረው ወደ ትንሹ ገበሬ መሆኑን ሲያዩ ግን ደብተሩን ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ጉድ አለ። ሆቴል በዱቤ መግዛት ልማዱ ነው። 30 ቀን፣ 60 ቀን ይላል። ለአስመጪው ይሄ ምንም አይደለም። ጠዋት ዘር መግዛት ላለበት ገበሬ ግን ሁለት ወር መጠበቅ ከሥራው መውጣት ነው። አንዲት እናት ሳጥኖቿን አስረክባ ስትመለስ «ልጄ፣ ቲማቲሜ ዛሬ ማታ ይበላል፤ ገንዘቤ መቼ ነው የሚበላው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዱ ሆቴልማ ነገ ዛሬ እያለ ደጅ አስጠንቶን ነበር። ሒሳብ ሹሙ ስልክ አያነሳም፣ ሲያነሳም «ቼኩ እየተፈረመ ነው» ይላል።

መፍትሔው ማኅበሩ መሐል መግባቱ ነበር። ከቁጠባና ብድር ተቋም ተበድረን ተዘዋዋሪ ገንዘብ አቋቋምን። ገበሬው ሳጥኑን ሲያስረክብ ደረሰኙን ይዞ እዚያው ይከፈለዋል። ከሆቴሉ መሰብሰብ የማኅበሩ ራስ ምታት ነው። ለዚህ ትንሽ ቅናሽ እንቆርጣለን። የዘገየ ሆቴል ዕዳውን እስኪከፍል ምርት አያገኝም። በእኔ ግምት ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። ድሮ ሳጥኑን ወደ ሆቴል ሲያመጣ መንገድ ላይ ጥሬ ገንዘብ ላቀረበለት የሚሸጥ ገበሬ ነበር። ታማኝነት የለውም ይሉት ነበር። እጅ በእጅ ሲከፈለው ታማኝ ሆነ።

ውሃ ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተገላገልንም። ቱሪስት የሚመጣው ዝናብ በሌለበት ወቅት ነው፤ ፀሐይ ፍለጋ ነዋ። ማሳው በጣም የሚጠማው፣ ሆቴሉም ገላ መታጠቢያና መዋኛ ገንዳ የሚሞላው ያኔ ነው። የጠብታ መስኖ ዘረጋን፣ አፈሩን በሣርና በገለባ ሸፈንን፣ የጣሪያ ውሃ አጠራቀምን። ያግዛል እንጂ አይበቃም።

የእርሻ ጉብኝቱን ሆን ብዬ ያዘገየሁት ነው። ሁሉም መጀመር የሚፈልገው በእሱ ነው፣ ምክንያቱም ፎቶ ያምራል። ዛንዚባር ላይ እንግዶች የቅርንፉድና የቀረፋ ማሳ ውስጥ እየተዘዋወሩ፣ ቅጠል እያሹ እያሸተቱ ይውላሉ። ላንዛሮቴ በምትባል የስፔን ደሴት ላይ ወይኑ በእሳተ ገሞራ አመድ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚተከለው። ፓንተለሪያ በምትባል የጣሊያን ደሴት ላይም ከነፋስ እንዲድን ጎድጎድ ባለ መሬት ላይ አጭር ሆኖ ያድጋል፤ ይሄ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ገበሬዎቹ ያን ያደረጉት ለነፋሱና ለድርቁ ብለው ነው፣ ለጎብኚ አይደለም። እንግዳ የሚከፍለውም እውነተኛ ሥራ ለማየት ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው የአግሪቱሪዝም (የእርሻ ቱሪዝም) ሕግ እርሻው ዋና ሥራ ሆኖ መቀጠል አለበት ያለችው ወድዳ አይደለም።

እኛም እንግዳ የምንቀበለው ለቀማ ባለበት ጠዋት ነው። ገበሬው ለእንግዳ ብሎ ሰዓቱን አይቀይርም። በር ላይ የጫማ መንከሪያ አለ፣ ምክንያቱም የሌላ አገር አፈር የሌላ አገር በሽታ ይዞ ይመጣል። ንጹሕ መጸዳጃና እጅ መታጠቢያ ከሌለ ደግሞ ባትጀምሩት ይሻላል። የመግቢያው ክፍያ በቀጥታ ለባለማሳው ነው፤ የአስጎብኚው ድርሻ አስቀድሞ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት በየደሴቱ ሆቴል ሲዘጋ ምርቱን ሁሉ ለሆቴል የሰጠ ገበሬ ባዶ እጁን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የማኅበራችን ደንብ ማንም ከግማሽ በላይ ማሳውን ለሆቴል ሰብል እንዳያውል ይከለክላል። ቀሪው ላይ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ባቄላ አለ። ሆቴሉ ቢዘጋ ቤት ይበላል፣ ገበያም ይወጣል።

የመርከብ ሽርሽር እንግዶችን ደግሞ ብዙ ተስፋ አታድርጉባቸው። ምሳቸውን መርከቡ ላይ ነው የሚበሉት፣ ለጥቂት ሰዓት ወርደው ይመለሳሉ። ትኩስ ፍሬ ቢገዙም በአገራቸው ጉምሩክ ሊወረስባቸው ይችላል። ለእነሱ የሚሸጠው የደረቀ፣ በደንብ የታሸገና ኪስ የሚገባ ነገር ነው።