«አምጣው እስቲ» የማይባልበት ሥራ

እናቴ ስልክ በደወልኩ ቁጥር የማትተዋት አንድ ጥያቄ አለች። «አንተ ግን እዚያ ትምህርት ቤት ምንድን ነህ?»

አስተማሪ አይደለሁም። ጽዳትም አይደለሁም፣ የቀኔ ሩብ ብሩሽ በማጠብ ቢያልቅም። ለንደን ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብና የድራማ ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። «እኮ ምን ትሠራለህ?» ትላለች። «ሌላው እንዲሠራ አዘጋጅለታለሁ፣ ጣቱን እንዳይቆርጥ አያለሁ፣ ሲጨርስ አጸዳለሁ» አልኳት አንድ ቀን። «እሱማ ሞግዚት ነው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ሳይሞላ እገባለሁ። ወረቀት በልኩ እቆርጣለሁ፣ ቀለም በየሳህኑ እጨምቃለሁ፣ የደረቀ ሥዕል አወርዳለሁ። ከዚያ የመቅረጫ ቢላዎቹን እቆጥራለሁ። 30 ከወጣ 30 ይመለሳል። 29 ከሆነ ደወል ቢደወልም ከክፍሉ የሚወጣ የለም። አንዴ 29 ላይ ቀርተን ክፍሉ በሙሉ ተንበርክኮ ጠረጴዛ ሥር ሲፈልግ ቆየ፤ 30ኛውን ያገኘሁት ከራሴ ሽርጥ ኪስ ነው። «ተገኘ» ብዬ ዝም አልኩ። የት እንደተገኘ ስነግር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ጀሶ ሌላው ራስ ምታቴ ነው። ሲንክ ውስጥ የደፋ ሰው ያስለቅሰኛል፤ ጀሶ ቱቦ ውስጥ ውሃ እያለም ይደርቃል። ግን ከቱቦው በላይ የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው። ከውሃ ጋር ተደባልቆ ሲጠጥር ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ በዛ ያለ ከሆነ ደግሞ ሥጋ ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚሁ እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ የእጇን ቅርጽ ልታወጣ ብላ ጀሶ ባልዲ ውስጥ እጆቿን ከትታ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። ስለዚህ የጀሶ ትምህርት ባለ ቀን እኔ ከባልዲው አጠገብ አልጠፋም፣ ሻይም አልጠጣም።

የምወደው ሸክላ ማቃጠሉን ነው። የኤሌክትሪክ እቶን አለን፣ ቁመቱ ደረቴ ላይ ይደርሳል። ለመጀመሪያው ማቃጠል ወደ 1000 ዲግሪ ይወጣል። ታዲያ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ይመስላችኋል፤ ያለው ግን መጀመሪያው ላይ፣ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸክላው ውስጡ እርጥብ ከሆነ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ይበታትነዋል። ተማሪዎቹ «አየር ስላለበት ነው የፈነዳው» ይላሉ፤ አየሩ ብቻውን አያፈነዳም፣ ጥፋተኛው ውሃው ነው። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ ልጅ የሠራው ድፍን የሰው ጭንቅላት ነበር፤ ውስጡ አልተቦረቦረም። ከላይ ነካሁት፣ ደረቅ መሰለኝ፣ አስገባሁት። በማግስቱ እቶኑን ስከፍት ጭንቅላቱ የለም። የጎረቤቶቹን ሰባት ጽዋዎችም ይዟቸው ሄዷል። ሰባት ልጆችን እየዞሩ ይቅርታ መጠየቅ ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። አሁን ውፍረቱ ከአውራ ጣት ካለፈ አላስገባም፣ ጥርጣሬ ካለኝም ከ100 ዲግሪ በታች አድርጌ ለሰዓታት አቆየዋለሁ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ያለ ቴርሞሜትር የሚያውቁትን ነገር እኔ በሰባት ጽዋ ዋጋ ተማርኩት።

በነገራችን ላይ ሸክላ ክፍል ውስጥ መጥረጊያ ክልክል ነው። የደረቀ ሸክላ አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለበት፤ ለዓመታት ወደ ውስጥ ከሳቡት ሳንባ ያበላሻል። የሚጸዳው በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው። እናቴ ይሄን ስነግራት «ሳይጠረግ ምኑን ጸዳ» አለች።

ደመወዝ ለምትጠይቁኝ፦ አይ፣ ክረምቱን ቁጭ ብዬ አይከፈለኝም። ውሌ ለትምህርት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ለ12 ወር ይሸነሽኑልኛል። ነሐሴ ላይ የሚገባው የራሴው የጥር ላብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዚህ ሥራ ከባዱ ጎን መሰላሉም እቶኑም አይደለም። እጅን መሰብሰብ ነው። እኛ ቤት ልጅ ሲቸገር «አምጣው እስቲ» ይባላል። ክር በመርፌ ማስገባት ያቃተው፣ የጫማ ማሰሪያ የተወሳሰበበት፣ ሽንኩርቱን አሳብጦ የከተፈ፣ ሁሉም «አምጣው እስቲ» ይባላል፣ በፍቅር ነው ደግሞ። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። እዚህ ግን ቃሏ አፌ ላይ ስትመጣ መዋጥ አለብኝ፤ ምክንያቱም የልጁ ሥራ ለፈተና ነው፣ የእኔ እጅ ከገባበት የእሱ መሆኑ ይቀራል።

በተለይ ጂሲኤስኢ የሚባለው፣ በ16 ዓመታቸው የሚወስዱት ፈተና። የሥነ ጥበቡ ውጤት 60 በመቶ በቆይታ ከሠሩት ሥራ ነው፣ 40 በመቶው ጥር ላይ ከሚሰጣቸው ርዕስ። ለርዕሱ ለሳምንታት ይዘጋጃሉ፣ ከዚያ ለ10 ሰዓት ተቀምጠው ይሠሩታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ተከፍሎ። ከፍ ያሉት፣ በ18 ዓመታቸው የሚፈተኑት የኤ ሌቭሎቹ፣ 15 ሰዓት ነው። አስተማሪም ሆነ ቴክኒሻን አስተያየት አይሰጥም። እኔ ዕቃ አቀብላለሁ፣ ያልቃል።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። የቆመች ወፍ በሽቦና በወረቀት ትሠራለች። ከሦስት ሜትር ሆኜ አያለሁ፣ የወፏ እግር እንደማይሸከማት ግልጽ ነው። ልጅቷ እጇን አወጣች። «ሰር፣ ሽቦ አለ?» «ወፍራሙን ነው ቀጭኑን?» ልል አፌን ከፍቼ ደነገጥኩ። ይሄ ራሱ ጥቆማ ሊሆን ነው! ሁለቱንም ጥቅል ይዤ መጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ቀጭኑን አነሳች። በ7ኛው ሰዓት ወፏ ወደቀች። ልጅቷ ትንሽ አየቻትና አላነሳቻትም፤ ክንፏን ዘርግታ በወደቀችበት ጨረሰቻት። አስተማሪዎቹ «ምን ዓይነት ድንቅ ሐሳብ» ተባባሉ። እኔ አሁንም ቆማ ብትቀር ይሻል ነበር ባይ ነኝ፣ ግን ማን ጠየቀኝ።

ድራማው ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ እኔ እጅ ነኝ፣ ልጁ አዛዥ። በድራማ ፈተና መተወን የማይፈልግ ተማሪ መብራት፣ ድምፅ፣ ልብስ ወይም መድረክ ዲዛይን መርጦ መፈተን ይችላል። መሰላል ላይ ግን ልጅ አላወጣም። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ከታች ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ ሰር፣ አይ በዛ፣ መልሰው» እያለ ያዝዘኛል። እያንዳንዱን መብራት ሁለት ጊዜ አስራለሁ፣ አንዴ በመንጠቆው፣ አንዴ በብረት ገመድ። አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዛል፤ ከሥሩ የሚቆመው የሰው ልጅ ነው።

ባለፈው አንዱ፣ እናት የልጇን ሞት የምትረዳበት ትዕይንት ላይ ፊቷን አረንጓዴ አበራው። አረንጓዴ! እኛ አገር መርዶ በአረንጓዴ መብራት... እሺ ይቅር። መጠየቅ የሚፈቀድልኝን ብቻ ጠየቅኩት፣ «ለምን?» «አያቴ ሆስፒታል እያለች ሌሊት ኮሪደሩ እንዲህ ነበር» አለ። አልተከራከርኩም። ያለውን ቀለም፣ ባለው መጠን፣ ባለው ሰከንድ ላይ አስገባሁለት። ፈታኙ ከውጭ በመጣ ቀን ሰው አለቀሰ አላለቀሰ አላየሁም፣ ዓይኔ የመብራት ሰሌዳው ላይ ነበር። አስቀያሚ ነበር ግን።

ይሄን ሁሉ ስል ቅዱስ አይደለሁም። ስንቴ እጄ ቀድሞኛል። ሲቀድመኝ ግን ሁሌ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ፣ 9ኛ ክፍል፣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ። ማይኩና አምፕሊፋየሩ የእኔ ኃላፊነት ነበሩ፣ እንዴት እንደኮራሁ! የወላጆች ቀን ላይ ማይኩ ይጮህ ጀመር፤ ያ ጆሮ የሚበሳው «ፒይይይ»። እኔ ቁልፉን ላስተካክል ስል የክበቡ ተጠሪ መጡና «አምጣው እስቲ» ብለው ከእጄ ወሰዱት። አንድ ነገር ነካኩ፣ ዝም አለ። ምን እንደነኩ አልነገሩኝም፣ እኔም ሰው ፊት አፍሬ አልጠየቅኩም። ማይክ ስፒከር ፊት ከቆመ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ እንደሚጮህ ያወቅኩት ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ እዚህ አገር፣ ከሥራ ባልደረባዬ ነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ የ11 ዓመት ልጅ ለትምህርት ቤቱ ዝግጅት ሲለማመድ ማይክ ይዞ ቀጥ ብሎ ስፒከሩ ፊት ቆመ። «ፒይይይ» አለ። ልጁ እኔን አየኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። «ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?» አልኩት። አንድ እርምጃ ወደ ስፒከሩ ቀረበ፣ ባሰ። ደነገጠና ወደ ኋላ ሄደ፣ ቀነሰ። ደግሞ ቀረበ፣ ማረጋገጡ ነው መሰለኝ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ማይኩን ወደ ጣሪያ፣ ወደ ወለል። ደቂቃ ይሞላል፤ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ኪሴ ውስጥ እጄ ጨርቁን ሊቀደው ነው።

በሩ ተበረገደ። ከጎን ክፍል የመጣችው የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ሁለት ጆሮዋን ይዛ። «ቴክኒሻኑ የት ሄዶ ነው?»

«እዚሁ ነኝ» አልኳት።