የምንዛሪው ቁጥርና የአዳማው ጓዳ

ውጭ የሚኖር ሰው ጠዋት ስልኩን ሲያነሳ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ዶላር ስንት ገባ፣ አገር ቤት ምን ተፈጠረ። እኔም እንደዚያው ነኝ። እናትም እህትም የእህት ልጆችም አዳማ ናቸውና ጭንቀቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የምንዛሪው ቁጥርም የዜናው ርዕስም በዚህ ወር ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንዳለቀ አይነግሩኝም። ዛሬ የምጽፈው ሐሳቤን ከቁጥሩ ላይ አንስቼ ወደ ጓዳው ለማውረድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምንዛሪው ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዕለት ከ74 ብር አለፈ፣ በዓመቱ ደግሞ ከ130 ብር በላይ ሆነ። 135 ብለን ብናሰላው በባንክ የሚላክ 200 ዶላር ከ11,400 ብር ወደ 27,000 ብር አድጓል። ይህን ያየ ሰው «ቤተሰቤ ተንፈስ አለ» ይላል። ግን ከዚያ በፊትም ብዙ ቤት ገንዘቡ የሚደርሰው በባንክ ሳይሆን በጥቁር ገበያ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ዶላር አስቀድሞ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በ115 ብር ሲመነዘርለት የነበረ ቤት ያኔም 23,000 ብር ይቀበል ነበር። ለእሱ በዓመት ውስጥ የተጨመረው 4,000 ብር፣ ከመቶ 17 ያህል ብቻ ነው። ነዳጁ፣ ታክሲው፣ ዘይቱ፣ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ የሚከለሰው የመብራት ታሪፍ ግን ባሉበት አልቆዩም። «ምንዛሪው ጨምሮላችኋል» ብሎ ከሚልከው ዶላር ላይ የቀነሰ ሰው ሳያውቀው ቤቱን አስርቧል። ይህ እኔን ከምንም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በቅንነት የሚሠራ ስህተት ነው።

«የዋጋ ንረቱ ቀነሰ» የሚለው ዜናም እንደዚሁ ያሳስታል። ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ አምና 130 ከገባና ዘንድሮ ንረቱ 13 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ ዕቃው 147 ብር ገደማ ነው። እናት የምትከፍለው 147ቱን ነው።

ስለዚህ መለኪያዬ ጤፍ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን ስምንት እንጀራ ይበላል ብንል በወር 240 ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት፣ እንደ እንጀራው ስፋትና ውፍረት፣ አራት ያህል ይወጣል። በወር 60 ኪሎ፣ በዓመት ሰባት ኩንታል ከ20 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ አንዴ የያዘ ሰው «አንድ ኩንታል ስንት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ የላከው ገንዘብ ስንት ቀን እንደሚያበላ ያውቃል። ወፍጮው፣ ማበጠሪያው፣ ከገበያ እስከ ቤት የባጃጁ ወይም የጋሪው ሒሳብም መታሰብ አለበት።

አዳማ በዚህ ዕድለኛ ከተማ ናት፤ ለአድኣም ለምንጃርም ቅርብ ናት። ጤፉ ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ገበያው ይሞላል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ክፉ ነው፤ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ እንቁጣጣሽና መስቀልም የሚመጡት ያኔ ነው። ሽንኩርቱ እንኳ፣ ከመቂና ከወንጂ አካባቢ በቅርብ እየመጣ፣ በክረምቱ ዝናብ ስለሚበሰብስ ነሐሴና መስከረም ላይ ይወደዳል። በየወሩ እኩል ገንዘብ የሚልክ ሰው እንግዲህ በጥር ትርፍ፣ በመስከረም ጉድለት ይልካል። ቢቻል በጥር የሦስት ወይም የአራት ወር እህል የሚገዛ ገንዘብ አንድ ላይ መላክ ነው የሚሻለው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። ጆንያው ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፣ ከሥሩ እንጨት ይደረድሩለታል፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል። ሁሉንም በአንዴ ማስፈጨት አያስፈልግም፤ ዱቄት እንደ ፍሬው አይቆይምና የሁለት የሦስት ሳምንት ይበቃል።

ሲገዛም የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ መስማማት ያስከፍላል። ከላይ ማኛ፣ ከመሃል ሰርገኛ የተቀላቀለበት ጆንያ አይጠፋም። ከመሃልና ከሥር ማስወጣት ነው። የወጣውን መዳፍ ላይ አድርጎ እሽት ሲያደርጉት አፈሩ እጅ ላይ ይቀራል፤ ጥቂቱን አፍ ውስጥ ቆርጠም ሲያደርጉት ደግሞ አሸዋው ጥርስ ላይ ቅጭ ይላል። አውድማ ላይ በበሬ የተወቃ እህል አፈር አያጣም፣ ነገር ግን ከአንድ ኩንታል ላይ ብዙ ኪሎ አፈር የሚከፈልበት ጊዜ አለና ማበጠሪያ ቤት ሲደርስ ስንት እንደቀነሰ መመዘን ተገቢ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይቆያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይጎትታል፤ ባትሪም ትንሽ ጄኔሬተርም አይችለውም። ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ መብራት ሲጠበቅ አራተኛና አምስተኛ ቀን ከገባ ይኮመጥጣል። እናቶች ከላይ ያቀረረውን ውሃ ቀድተው ደፍተው ንጹሕ ውሃ ይለውጡለታል፣ ያ አንድ ቀን ያስታግሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ እንጨት ወይም የተጋገረ እንጀራ መግዛት ነው፣ የተጋገረው ደግሞ ከቤቱ እንጀራ ይወደዳል። የመብራት መጥፋት ከዚህ ሆኜ ስሰማው ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ በወር ሁለት የጋገራ ቀን ከተበላሸ ግን በጀቱ ላይ ይታያል።

አላላኩን በሁለት ዋጋ ማስላት ያስፈልጋል። አንደኛው በግልጽ የሚጻፈው የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ሁለተኛው ምንዛሪው ላይ የተቀነሰው ነው። አንድ አስተላላፊ ክፍያ የለኝም ብሎ በ132 ቢመነዝር፣ ሌላው አራት ዶላር ቆርጦ በ135 ቢመነዝር፣ በ200 ዶላር የመጀመሪያው 26,400 ብር፣ ሁለተኛው 26,460 ብር ያደርሳሉ፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። በ50 ዶላር ግን የመጀመሪያው 6,600፣ ሁለተኛው 6,210 ነው። ትንሽ በትንሽ ለሚልክ ክፍያ የሌለው፣ ብዙ ለሚልክ ምንዛሪው የተሻለው ይሻላል። መጨረሻ ላይ መታየት ያለበት «ስንት ብር ይደርሳቸዋል» የሚለው መስመር ብቻ ነው። ጥቁር ገበያውን የሚመርጥ ሰው ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ግን አልመክረውም። ሕገወጥ ነው፤ ብሩ የሚገባበት የማይታወቅ ሒሳብ በምርመራ ከታገደ የእናትም ሒሳብ አብሮ ሊያዝ ይችላል፣ ከታገደ በኋላም አቤት የሚባልበት ደረሰኝ የለም። ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዶለታል፤ ወዲያው ለማይወጣ ገንዘብ ይህ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

ገንዘቡ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በስም ነው። ሰፈሩ ሁሉ በቤት ስሟ የሚጠራት እናት መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም አላት። አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ መታወቂያው በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ከተጻፈ ጫልቱ የሚለው ስም አናባቢው ተደግሞ፣ «ጫ»ም በአንድ ተነባቢ ይጻፋል፤ ፓስፖርት ላይ ግን «ጫ» ሁለት ተነባቢ ወስዶ አናባቢው አይደገምም። ላኪው እንደሰማው ከጻፈ ባንኩ መስኮት ላይ «ስሙ አይመሳሰልም» ይባላል፣ ሴትዮዋም በአዳማ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። መፍትሔው የመታወቂያውን ፎቶ አንዴ አስልኮ፣ የስም፣ የአባትና የአያት ስም ፊደል በፊደል ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። የቀበሌ መታወቂያው የሚያበቃበትን ቀን መያዝ፣ ፋይዳውንም (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያውን) ቀድሞ ማስወጣት አለበት፤ ባንኮች ይጠይቁታል።

ቀኑም ስህተት ያመጣል። እዚህ ደመወዝ የሚገባው በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ነው፤ ያ በእኛ ከወሩ 20 እስከ 25 ገደማ ባለው ጊዜ ይውላል። የቤት ኪራይ ግን የሚከፈለው ወሩ ሲሞላ ነው። ገንዘቡ ከኪራዩ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ቀድሞ ይደርስና ባልታሰበ ነገር ይሸረፋል። የኪራዩን ድርሻ ለይቶ በፈረንጆቹ 5 ወይም 6 ላይ መላክ ይህን ያስቀራል። ስለ ኪራይ ካነሳሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። የስድስት ወር ቅድሚያ የተጠየቀ ቤተሰብ ከመክፈሉ በፊት ውሉን ይዞ ወደሚመለከተው ቢሮ ይሂድ።

ፖለቲካውን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ስለሚቀል አይደለም። በትግራይ ጦርነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ስንል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በኦሮሚያም ሰላም ያላገኘ አካባቢ አለ። ያለቀሰችው እናት ሁሉ እናት ናት፤ ይህን ስጽፍ ከየትኛው ወገን እንደሆነች አልጠይቅም። ለአዳማው ቤት ግን የፖለቲካው ዜና የሚደርሰው በመንገድ ነው። ከተማዋ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ አርሲና ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ መንገዶች መገናኛ ናት፤ የምንጃር መንገድ ሲዘጋ ጤፉ፣ የጅቡቲው መንገድ ሲታወክ ነዳጁ ይወደዳል፣ ኬላ ሲበዛ ደግሞ የእያንዳንዱ ኬላ ሰዓት በሽንኩርቱ ዋጋ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ርዕሱን ካነበብኩ በኋላ የምጠይቀው «የትኛው መንገድ ተዘጋ?» ብዬ ነው።

ሁለተኛው የሚደርስበት መንገድ ስልኩ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚደዋወል ቤተሰብ ያኔ ይጠፋፋል። በወረቀት የተጻፈ መደበኛ የስልክ ቁጥር፣ የጎረቤት ቁጥር፣ በቀጥታ ለመደወል የሚበቃ ሒሳብ እዚህ መኖር አለበት። እዚያ ደግሞ የአንድ ወር እህልና የሁለት ሳምንት ወጪ የሚሆን ጥሬ ብር፣ ከዚያ ያልበለጠ። ከዚያ ያልበለጠ ያልኩት መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩ ለመለወጫ የተሰጠው ሦስት ወር ብቻ ስለነበር ነው፤ ትራስ ሥር የተቀመጠ ገንዘብ ያኔ ብዙ ሰው አስጨንቋል።

መድኃኒት የተለየ ጭንቀት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ኢንሱሊን ፋርማሲው ውስጥ ሲጠፋ ወር አይጠብቅም። በመንገደኛ ሲላክ ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይሁን፣ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊቀዘቅዝና በረዶ ሊሠራ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ፍሪጁ መብራት ሲያጣ፣ የአዳማ ሙቀትም ሲበረታ፣ ውሃ የጠጣ አሸዋ ባለበት ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገብቶ፣ ጠርሙሱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ እዚያ ማቆየት ይረዳል። ከሁሉ በፊት ግን የሚላከው ዓይነት ሐኪሙ ካዘዘው ጋር አንድ መሆኑ፣ መርፌውም ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው የኢንሱሊኑ ጥንካሬ (በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ዩኒት) ጋር የሚሄድ መሆኑ ይረጋገጥ። የጤና መድህን ደብተሩ የሚታደስበትን ወርም ማስታወስ ነው፤ ካለፈ ሕመሙ ሲመጣ ደብተሩ አይሠራም።

ስልክ ስንደውል «እንዴት ናችሁ?» እንላለን፣ እነሱም «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ከዚያ ውስጥ ጉድለት አይሰማም፣ እናት ደግሞ በልጇ ላይ ሸክም መጨመር አትፈልግም። ስለዚህ መልሱ ምስጋና ብቻ የማይሆን ጥያቄ ይዤ እደውላለሁ። ውሃ በፈረቃ ስንት ቀን ቀረ? ሮቶው እስከ የት ነው? ክኒኑ ስንት ፍሬ ቀረ? ጆንያውስ? እናት ስልኩን እንደያዘች ወደ ጓዳ ትገባለች፣ እጇን ወደ ጆንያው ትሰዳለች፣ የጤፉ ድምፅ በስልኩ ይሰማል፤ «ከሥሩ ሁለት ስንዝር ያህል አለ» ትላለች።