ናይሮቢ ላይ ጉርሻዬ የት ገባ?

ከሞያሌ ናይሮቢ የሄድኩት በአውቶብስ ነው። በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል መንገዱ አስፋልት ነው፤ ርቀቱ ግን ወገብ ይቆርጣል። እንደደረስኩ መጀመሪያ ያማረኝ ሥጋ ነበር።

እዚያ የሚኖር ጓደኛዬ ኛማ ቾማ ቤት፣ ማለትም ጥብስ ሥጋ ቤት ወሰደኝ። አስተናጋጇ ለብ ያለ ውሃ በጆግ ይዛ መጥታ አስታጠበችን። አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ የፍየል ጎድኑን በእንጨት ጣውላ አቅርቦ፣ እዚያው ፊታችን ከትክቶ፣ ጠርዙ ላይ ጨው ቆልሎልን ሄደ። ካቹምባሪው፣ ማለትም የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣው፣ ለብቻው መጣ።

ሒሳቡ 1,850 ሽልንግ ሆነ። ኬንያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚከፍለው በኤምፔሳ፣ ማለትም በስልክ ገንዘብ መላኪያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለተጀመረ ለምደውታል። ጓደኛዬ ሊጋብዘኝ ቢልም እምቢ ብዬ፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የቲል ቁጥር፣ ማለትም ደንበኛ በኤምፔሳ በሚከፍልበት ቁጥር፣ 2,000 ላክሁና «መልሱ ያንቺ ነው» አልኳት። «አሳንቴ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ፊቷ ግን አልፈካም።

ውጭ ስንወጣ ጓደኛዬ ነገረኝ። ቲሉ የባለቤቱ ነው። እዚያ የገባ ብር ለአስተናጋጇ መድረሱ በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ደረሰኙ ላይ ያየሁት 16 በመቶም ቫት ነው፤ ለመንግሥት እንጂ ለሷ አይደለም። ትልልቅ ሆቴሎች የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። እንዲህ ባለ ቤት ግን ግዴታ የለም፤ ሰው ሃምሳም መቶም እንደ አቅሙ በእጅ ይሰጣል፣ ወይም የአስተናጋጇን የራሷን ስልክ ጠይቆ ይልክላታል።

ቃሉም ይገርማል። ጉርሻ በስዋሂሊ «ባክሺሺ» ነው፤ ብዙዎች ግን «ቻይ» ይሉታል። እኛ «የሻይ» እንደምንለው ማለት ነው። እንደኛው ሁሉ ጉቦም «ቻይ» ስለሚባል፣ ቢሮና ፖሊስ ፊት ይህን ቃል መጠንቀቅ ነው።

ሌሊቱን ከነከነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ልጅ ናት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ተመልሼ ሁለት ባለ መቶ ሽልንግ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። አሁን ሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ጥብሱ ሄደች፤ አንዱን መቶ ለሥጋ ቆራጩ ሰጠችው። እሱን እኔ ጭራሽ ረስቼው ነበር።