ትናንት ማታ የት አደሩ?

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት አልባ ሰዎችን ለመቁጠር የተዘጋጀው መጠይቅ ረቂቁ «ቤት አለዎት?» ብሎ ይጀምር ነበር። መረጃ መሰብሰብ እንጀራዬ ነውና ገና ሳየው ተቃወምሁ። ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ በረንዳ ላይ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ይህን ብትጠይቁት «አለኝ እንጂ!» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። አዴት በኩል ቤትም፣ ሚስትም፣ በሬም አለው። እዚህ ውጭ የሚያድረው የአልጋ ብር ላለማውጣት ነው። ብዙ ተከራክረን ጥያቄው «ትናንት ማታ የት አደሩ?» በሚል ተተካ።

ቀጣዩ ክርክር ስለ ቀኑ ነበር። ሥራውን የሰጠን ማኅበር ውስጥ አንዱ የአሜሪካኖቹን ልማድ አነሣ። እነሱ ቤት አልባዎቻቸውን በጃንዋሪ የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ አንድ ሌሊት መርጠው ይቆጥራሉ፤ በብርዱ ብዙ ሰው መጠለያ ስለሚገባ መቁጠሩ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ቆጠራቸው ከ771 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቧል። ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ እነዚያ ቀናት ጥር 21ን፣ አስተርዮ ማርያምን ያቅፋሉ። ደጀ ሰላሙ በነዳያንና በተሳላሚ ይጨናነቃል። ለበዓል መጥቶ በጋቢው ተጠቅልሎ ያደረውን ምእመን ሁሉ ቤት አልባ ብለን ልንመዘግብ ነው? ከትልልቅ በዓላት ራቅ ያለ የመጋቢት ሌሊት ተመረጠ።

ሰዓቱ አላከራከረም። ቀን ቀን ሊስትሮውም፣ ሎተሪ አዟሪውም፣ ለማኙም መንገድ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ኪዳን ለማድረስ የሚወጣው ይቀላቀላል። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወጣን።

ጊዮርጊስ አጥር ሥር አንድ ሸራ ተዘርግቷል። የተኛ ሰው መቀስቀስ ክልክል ነው፤ ፊት መግለጥማ ነውር ነው። ባልደረባዬ ባትሪውን ወደ መሬት አዘቅዝቆ ከሸራው ሥር የወጡትን እግሮች ቆጠረ፤ አራት። «ሁለት ሰው» ብሎ ሊጽፍ ሲል ከውስጥ የሕፃን ሳል ተሰማ። እናትየዋ ነቅታ ኖሮ «ሦስት ነን» አለች። ቀጥላም «የምትጽፉት ለዕርዳታ ነው ወይስ ለማንሣት?» ብላ ጠየቀች። ባልደረባዬ ለጥናት መሆኑን አስረዳት። ያመነችው አይመስለኝም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ከማንም በላይ የረዱን የሱቅ ዘበኞች ናቸው። አንዱን ሽማግሌ «አባባ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ስንት ሰው ያድራል?» ብላቸው፣ «በዝናብ ነው ያለ ዝናብ?» ብለው መለሱልኝ። መጠይቁን ካዘጋጁት ባለ ዲግሪዎች መካከል ይህን ያሰበ አልነበረም።

የተገኘውን ቁጥር ከምን ጋር እንደምናነጻጽረው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማዋ ከ155 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ከሁሉ ያከራከሩን ግን የቆሎ ተማሪዎቹ ናቸው። ለምነው ይበላሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በደሳሳ ጎጆ ያድራሉ። እኔ አይቆጠሩም ባይ ነኝ፤ ለትምህርት የመጡ ናቸው፣ ጎጆም አላቸው። ተቆጣጣሪያችን ግን «ጎጆው ሲያፈስ የት እንደሚያድሩ ጠይቀሃቸዋል?» አለችኝ። ለብቻቸው አንድ ዓምድ ተከፈተላቸው፤ ከጠቅላላው ድምር ይግቡ አይግቡ የሚለው ግን እስካሁን አላስማማንም።