ለአምስቱ ጋዜጠኞች የተጠየቀው ሚዛን

ደብረ ብርሃን በምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ የፊልም ፕሮግራም አለኝ። ለፕሬስ ነፃነት ቀን «ባሊቦ»ን መረጥኩ። አውስትራሊያዊው ሮበርት ኮኖሊ እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የሠራው ፊልም ነው። ስክሪፕቱን ለአለቃችን አስገባሁ። ከምሳ በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመለሰ።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ፖርቱጋል ቅኝ ግዛቷን ምሥራቅ ቲሞርን ጥላ ወጥታ ነበር ማለት ይቻላል። የኢንዶኔዥያ ጦር ደግሞ ድንበሩን በድብቅ ይጥሳል። ለሁለት የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሠሩ አምስት ወጣቶች ይህን በካሜራ ሊያስቀሩ ባሊቦ የምትባል የድንበር ከተማ ገቡ። የድምፅ ሠራተኛው ቶኒ ስቱዋርት 21 ዓመቱ ነበር። አንድ ቤት ግድግዳ ላይ «አውስትራሊያ» ብለው ጻፉ፤ ባንዲራም ሳሉበት። ጥቅምት 5 ቀን ጦሩ ከተማዋን ሲይዝ አምስቱም ተገደሉ። ስለ እነሱ ያጣራ የነበረው አውስትራሊያዊው ጋዜጠኛ ሮጀር ኢስትም የኢንዶኔዥያ ዋናው ወረራ በተጀመረ ማግስት፣ ኅዳር 28 ቀን፣ በዋና ከተማዋ በዲሊ ወደብ ላይ ተረሸነ።

አለቃችን ያሠመሩበት «ሆን ተብሎ ተገደሉ» የሚለውን ነው። ከጎኑ «የኢንዶኔዥያ መንግሥት በተኩስ ልውውጥ መሃል ሞቱ ይላል፤ ይቅደም» የሚል ማስታወሻ አለ።

ቢሯቸው ገባሁ።

«የኢንዶኔዥያን መልስ አልደበቅኩም። ገጽ ሁለት ላይ አለ» አልኳቸው።

«ሚዛን እኮ ነው። እኩል አስቀምጥና ፍርዱን ለአድማጭ ተወው።»

«ፍርዱን እኔ መች ሰጠሁ? እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ሲድኒ ላይ ምስክር የሰማች ዳኛ ናት የሰጠችው። ከሟቾቹ በአንዱ በብራያን ፒተርስ ሞት ላይ በተደረገው ምርመራ፣ አምስቱም በተኩስ መሃል አልሞቱም፣ ያዩትን እንዳያወጡ ሆን ተብሎ ተገደሉ ብላለች።»

«የአውስትራሊያ ዳኛ ናታ።»

«ፊልሙን የኢንዶኔዥያ መንግሥት ሲያግደው የገዛ አገሩ ጋዜጠኞች ማኅበር አሳይቶታል። እነሱስ?»

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ቀጥለው ያሉት ነገር እስካሁን ይቆረቁረኛል።

«ደግሞስ ቲሞር ለሰሜን ሸዋ አድማጭ ምኑ ነው?»

ሌላ አካባቢ ቢሆን መልስ ለመፈለግ እቸገር ይሆናል። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ይህ አይጠየቅም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችን፣ ቁስለኞችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝ ፈጅቷል። እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች ረሽኗል። በዚያ ቀን ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። የአገሩ ሰው ያውቃል፤ አጥንቱም እዚያው ዋሻ ውስጥ ነበር። የውጭው ዓለም ግን የሰማው እንደ ፈረንጆቹ በ2006 አካባቢ፣ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ ሰነዶቹን ካወጣ በኋላ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ዝም ተብሎ ኖረ። ባሊቦ የገቡት ልጆች ያ ዝምታ ቲሞር ላይ እንዳይደገም ነው የሄዱት። ከአምስቱ አንዱ ግሬግ ሻክልተን ከመሞቱ በፊት በላከው ዘገባ፣ የመንደሩ ሰዎች ዓለም ለምን እንደማይደርስላቸው እንደጠየቁት ይናገራል። ይህን የእኛ ገበሬ አይገባውም? ከማንም በላይ ይገባዋል!

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ቴክኒሽያናችን በሩ ላይ ብቅ አሉ። በወጣትነታቸው ካሜራ ተሸክመው የዞሩ ሰው ናቸው። «ካሜራማን እኮ አንድ ዓይኑ ካሜራው ውስጥ ነው፤ በጎኑ የሚመጣውን አያይም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ተመልሰው ስቱዲዮ ገቡ።

በመጨረሻ የአለቃችን ዓረፍተ ነገር ቀደመ። እኔ ደግሞ ሳልተነፍስ የዳኛዋን ውሳኔ ከሥሩ አስከተልኩ። ስልክ ስንከፍት ከመሃል ሜዳ የደወሉ አባት «ገዳዮቹ ተፈረደባቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አልተፈረደባቸውም። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የጦር ወንጀል ምርመራ ከፍቶ በ2014 በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ዘግቶታል። ይህን ስነግራቸው «እንዴት ተደርጎ!» አሉ፤ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ አለቃችን ራሳቸው «ያንን የዘረቱን ነገር ሥራው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሠርቼ አስገባሁ። ቀዩ እስክሪብቶ እንደገና መጣ። በዚህኛው የሰረዙት ጋዙን በተጠቀመው የጦር ክፍል ውስጥ ከነበረ ጣሊያናዊ ወታደር ማስታወሻ የጠቀስኩትን አንቀጽ ነው።

«የጠላት ቃል ምን ያደርግልናል?» አሉ።

«ጌታዬ፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለንም። እጁ ያለበት ሰው በራሱ እጅ የጻፈው ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ስረዛውን አነሱ። አንቀጹ እንዳለ ተላለፈ። የባሊቦው ስክሪፕት ግን መዝገብ ቤት የተቀመጠው የእሳቸው ዓረፍተ ነገር እንደቀደመ ነው። እንዲስተካከል በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ እጠይቃለሁም።